ዛፉ የቆመበት ሸበጥ

ዛፉ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ከካትዌ ሰፈር ብረት ቀጥቃጮች ዘንድ፣ በፒክአፕ ጀርባ ተጋድሞ፣ እንደ ሬሳ ሸራ ለብሶ። ለተጊዮርጊስ የሕንፃው በር ላይ መወልወያዋን ተደግፋ አየችውና "እግዜር ያጥናሽ፣ ለተ" አለች በሆዷ። ሰው ሞቶባት አይደለም። የሞተባት ዛፏ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለተጊዮርጊስ ካምፓላ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ፣ የዚህን ስምንት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ወለል መወልወል ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። በነዚያ ዓመታት ስድስት ገና አልፏል፤ የስድስቱንም ገና ዛፍ በምድር ቤቱ አዳራሽ ያቆመች፣ ያለበሰች፣ ያበራች እሷ ነች። ማንም ሹመት አልሰጣትም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትልቅ ጥድ ቆርጠው አመጡና ግድግዳ አስደግፈውት፣ ወንዶቹ ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሲያዩት፣ እሷ መወልወያዋን ጥላ "ዞር በሉ" አለች። ዞር አሉ። ጥጥ አስገዛችና እንደ ባዘቶ አፍታታ በየቅርንጫፉ አሳረፈችው። በዕድሜያቸው በረዶ አይተው የማያውቁ ሰዎች ይቀዘቅዝ እንደሆነ በጣታቸው ነካ እያደረጉ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ዛፉ የእሷ ሆነ።

ዛፉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዋናው መብራቱ የሚበራበት ቀን ነው። የሕንፃው ኃላፊ ሚስስ ናንሱቡጋ፣ ከስምንቱም ፎቅ የወረደው ሰው ፊት ቆማ፣ ከወረቀት ላይ ሙሉ ስሟን ታነባለች፤ "ሌቴ ጂዮርጊስ!" ሰው ያጨበጭባል። እሷም ማብሪያውን ቀጭ ታደርገዋለች። በቀረው ቀን ሁሉ ስም የላትም፤ "ማማ" ነች። ማማ፣ ሻይ ፈሰሰ። ማማ፣ ሽንት ቤቱ ሳሙና የለውም። በዓመት አንዴ ግን እናቷ ያወጣችላት ስም፣ በባዕድ ምላስ ወገቡ ቢሰበርም፣ በዚያ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ይጮኻል። ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?

ያንን ደግሞ በገዛ አፏ አጣችው።

በፊት በፊት ሕንፃው ግማሹ ባዶ ስለነበር፣ ዛፉ መቼ እንደሚነሳ የሚጠይቃት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ግን ፈረንጆቹ ዘመን በለወጡ ማግስት "ዛፉ ይነሳ" ተባለ። "አይነሳም" አለች። "ጌታ ገና አልተወለደም። የሚወለደው ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ቤት መብራት ይጠፋል?" ባልዲዋን ገልብጣ ከዛፉ ሥር ተቀመጠችበት። ጎትተው እንዳያነሷት አሮጊት ናት፤ ለምነው እንዳያነሷት ለተጊዮርጊስ ናት። በዚያው ሳምንት ከባሕር ማዶ እንግዶች መጡ፤ ዛፉን አዩና "እናንተ ዘንድ ዓመቱ አላለቀም እንዴ?" ብለው ሳቁ። ሚስስ ናንሱቡጋ አልሳቀችም። ዛፉ በሃያ ዘጠኝ ተነሳ፤ የለተጊዮርጊስም ሹመት አብሮ ተነሳ። ልዩነቱ፣ የራሷን መነሳት እሷ አለማወቋ ነው። ያወቀችው ዛሬ ነው፣ ከፒክአፑ ኋላ ቦዳ ሞተር ላይ ተቀምጣ የመጣች ሴት ወርዳ ቀሚሷን ስታራግፍ።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለች ኦብሳን።

ኦብሳ የሕንፃው ኤሌክትሪሻን ነው፤ የነቀምት ሰው፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ ሰው በነገር መጎንተል የሚወድ።

"ዛፉን የምታስጌጠው ናት፣ እማማ። የሰርግ አዳራሽ የምታሳምር። ሳዕዲያ ትባላለች፤ ኤርትራዊ ናት።"

"ሳዕዲያ? እስላም?"

"እስላም።"

"እና የጌታን ልደት እስላም ልታዋልድ?"

"ኧረ እማማ፣ ዛፍ ነው እንጂ ታቦት አይደለም!"

"አንተን ማን ጠየቀህ? ሽቦህን ቋጥር።"

ሳዕዲያ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ሻርፗ ከቀሚሷ፣ ቀሚሷ ከጫማዋ ይስማማል። በሩን እንዳለፈች ቀጥታ ወደ ለተጊዮርጊስ መጣችና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻት።

"እንደምን አደሩ፣ እማማ?"

አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ይሄ ይበልጥ አናደዳት። ሰው ተሰባብሮ ሲናገር ቢያንስ ይናቃል።

"አማርኛ የት ተማርሽ?"

"መርካቶ ነው የተወለድኩት። አሜሪካን ግቢ። በጦርነቱ ጊዜ ወጣን።"

ወጣን አለች እንጂ አስወጡን አላለችም። ለተጊዮርጊስ የተባለውንም ያልተባለውንም ሰማች፤ ሌላ ቀን ቢሆን አንጀቷ ይላወስ ነበር። ያን ቀን አንጀቷ ሌላ ሥራ ነበረው።

ሸራው ተገፈፈ። ዛፍ ተብዬው የሦስት ሰው ቁመት ያለው የብረት ምሰሶ ነው፤ በጎንና በጎኑ ክንድ ተበይዶለት፣ ክንዱ ሁሉ አረንጓዴ የላስቲክ ቅጠል ለብሶ፣ ከታች አራት የብረት እግር አለው። ሳዕዲያ ወረቀት ዘረጋች። ዛፉን አስቀድማ ስለሣለችው፣ ኳሱ የት፣ ሪባኑ የት፣ አምፖሉ የት እንደሚሆን ተጽፏል። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና እንዲህ አለች፦

"እማማ፣ ስድስት ዓመት እርስዎ ነዎት ያቆሙት አሉኝ። ይሄ ወለል ምን ይመስላል? ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

ያ ወለል ያዘነብላል። መሐንዲሱ አያውቅም፣ ሚስስ ናንሱቡጋ አታውቅም፤ ዓይን አያየውም። ውሃ ግን ያውቀዋል። ሊፍቱ ጋ ባልዲ ብትደፋበት፣ ማንም ሳይነዳው እንደ ጠገበ ከብት ወደ በሩ ይሄዳል። ማንበብ የሚችል ሁሉ ወለል ማንበብ አይችልም፤ ለተጊዮርጊስ ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ያንን ወለል ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች። ስለዚህ በየዓመቱ በበሩ በኩል ካለው እግር ሥር አንዲት የመኪና ጎማ ቁራጭ ትሸጉጥ ነበር፤ ዋንዴገያ መንገድ ዳር ያገኘቻት፣ መዳፍ የምታህል። ጎማዋ አሁንም መጥረጊያ በሚቀመጥበት ጓዳ፣ ከጨርቅ ሥር አለች።

"ወለል ወለል ነው" አለች። "ምን አለው? ትከይዋ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።"

ምስጋናው እንደ ሚጥሚጣ አቃጠላት።

ሁለት ቀን ሙሉ ሳዕዲያ ዛፉን አለበሰች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለተጊዮርጊስ ያንኑ አንድ ቦታ ወለወለች። ሴትዮዋ ስትሠራ እጇ አይቸኩልም። ሪባኑን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነች ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ቀይ ኳስ፣ ወርቃማ ኳስ፣ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ትንንሽ ከበሮዎች ሰቀለች። ከመንገድ የሚገባ ሰው ቀድሞ የሚያየው የበሩን በኩል ስለሆነ፣ ጌጡን ሁሉ ወደዚያው አበዛችው፤ ኋላውን ሳሳ አድርጋ ተወችው። ለተጊዮርጊስ አየች። ክብደቱ ወደ ቁልቁለቱ እየሄደ ነው። ዝም አይነቅዝም አለችና ዝም አለች።

ጥጥ የሚባል ነገር የለም። "ጥጡስ?" ብላ ሳትወድ ጠየቀች።

"ጥጥ አቧራ ይይዛል፣ እማማ። ደግሞ አምፖሉ ሲግል እሳት ያስነሳል።"

ስድስት ዓመት አላስነሳም! ብላ ልትጮኽ ነበር። ዋጠችው። ከሁሉ የባሰው ስሙ ነው። ሴትዮዋ በመጣች በቀኗ፣ እዚያ አስካሪ የሚሉት የበሩ ዘበኛ ሳይቀር "ሳዲያ! ሳዲያ!" ይላል። ስሙ አጭር ነው፤ ለምላስ ይመቻል። ለተጊዮርጊስን ሊጠራ የሚሞክር ግን ቁርስ እንዳልበላ ሸክም ተሸካሚ መሃሉ ላይ ይደክመዋል።

"ይቺ ሴት ትሰርቃለች ይመስልሃል?" አለችው ኦብሳን፣ ሐሙስ፣ ሻይ ስትቀዳለት።

"ምን ትሰርቃለች?"

"እኔ ምን አውቄ። ዓይኗ አላማረኝም።"

ኦብሳ ስኳሩን እያማሰለ ሳቀ። "እማማ፣ የነቢያት ጾም ላይ አይደሉም እንዴ? ሥጋ ጾመው ሰው ይበላሉ?"

"ሻይህን ጠጣ! አፍህን ሻይ ያቃጥለው!"

አርብ መጣ። መብራቱ የሚበራው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሳዕዲያ ለጁምዓ ሶላት ሄደች፤ ወንዶቹም ለምሳ ወጡ። አዳራሹ ውስጥ ለተጊዮርጊስና ዛፉ ብቻ ቀሩ።

ባልዲዋን ደፋች። ውሃው እንደ ልማዱ ወደ በሩ ተጓዘ። ከዛፉ ሥር ሲደርስ ጎንበስ ብላ አየችው፤ በፊት ለፊቱ እግር ዙሪያ ተከፍሎ አለፈ፤ በኋለኛው እግር ሥር ግን፣ እግሩ እንደሌለ ሁሉ፣ ሰተት ብሎ ገባ። የኋላው እግር ወለሉን ለቋል። የወረቀት ውፍረት ያህል ነው፤ ቢሆንም ለቋል።

ወደ ጓዳ ሄደች። ጨርቁን ገልጣ ጎማዋን አወጣች። ይዛት እስከ ጓዳው በር ድረስ መጣች። ከመንገድ አንድ ሰው ጠርታ ዛፉን ትንሽ ነቅነቅ ማስደረግ፣ እሷን መሸጎጥ፤ አለቀ። ማንም አያይም፣ ማንም አያውቅም። ታዲያ ችግሩም እሱ ነው። ማንም አያውቅም። አሥር ሰዓት ላይ "ሳዲያ!" ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ለተጊዮርጊስ ሠርታ ሌላ ትመሰገናለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ የእሷ ወርቅ ግን ሰው ሊያደምቅ ነው። 'ያዘንብል። አዘንብሎ ይታይ። ያኔ ማማ የት አለች ብለው ይጠሩኛል' አለች። ጎማዋን መልሳ ጨርቁን ደፋችባት።

ሰው ሲያስብ ማዘንበል ብቻ ያስባል። መውደቅን አያስብም። ምቀኛ ልኩን አውቆ ቢመኝ ኖሮ ዓለም እንዲህ ባልሆነች።

አሥር ሰዓት ሆነ። ከስምንቱም ፎቅ ሰው ወረደ፤ ክራቫት ያሠረው፣ ሶዳ የያዘው፣ በስልክ የሚያወራው። ሚስስ ናንሱቡጋ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ወረቀቷን ይዛለች። የቀረው ኮከቡ ብቻ ነው። ኮከቡም እንደ ድሮው የካርቶን አይደለም፤ ካትዌ ከወፍራም ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ፣ ትሪ የሚያህል ነው። ሳዕዲያ ጫማዋን አውልቃ መሰላሉ ላይ ወጣች፤ ኦብሳ መሰላሉን ያዘላት። ለተጊዮርጊስ ከኋላ፣ ሊፍቱ ጋ፣ ባልዲዋን ይዛ ቆመች።

ሳዕዲያ ስትወጣ የለተጊዮርጊስ ዓይን ተረከዟ ላይ አረፈ። ያ ሁሉ የሚያምር ጫማ የሸፈነው ተረከዝ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። ልክ የእሷን ተረከዝ ነው የሚመስለው። ቆሞ የዋለ፣ ቆሞ የኖረ ሰው ተረከዝ ነው።

ኮከቡ ጫፉ ላይ ገባ። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ከጭብጨባው ሥር ግን ለተጊዮርጊስ አንዲት ድምፅ ሰማች፤ ብረት ከወለል ሲላቀቅ የሚያሰማት፣ ጢቅ የምትል። የኋላው እግር አንድ ጣት ተነሳ። ሁለት ጣት ተነሳ።

"ይውደቅ" አለ ሆዷ። እውነት ነው፣ ብሏል። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብላ አየችው።

ከዚያ ባልዲው ሲወድቅ ሰማች፤ የጣለችው እሷው ነች። በሰዉ መሃል ጥሳ፣ በክርኗ አንዱን ባለ ክራቫት ገፍታ፣ ከዛፉ ፊት ለፊት ገባችና ትከሻዋን ለምሰሶው ሰጠችው። ሽቦው ጉንጯን ቧጨራት።

"ኦብሳ! መሰላሉን ተወውና ዛፉን ግፋ! አንቺ፣ ውረጂ! ውረጂ ነው የምልሽ!"

ሳዕዲያ በመሰላሉ ተንደርድራ ወረደች። ኦብሳ ገፋ፣ አስካሪው ገፋ፣ ባለ ክራቫቱም ገፋ። ዛፉ ወደ ኋላ ሲመለስ የፊቱ እግር ከወለሉ ከፍ አለ። ጎማዋ ጓዳ ናት። ጊዜ የለም። ለተጊዮርጊስ የቀኝ እግር የላስቲክ ሸበጧን አውልቃ፣ ለሁለት አጥፋ፣ በእግሩ ሥር ሰደደችው።

"ልቀቁት።"

ለቀቁት። ዛፉ ሸበጡን ደፍጥጦ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮከቡ ሁለቴ ተወዛወዘና ረጋ።

ግማሹ ሰው ምን እንደሆነ እንኳ አልገባውም። ሚስስ ናንሱቡጋ ደረቷን ይዛ ተነፈሰችና ወረቀቷን ከፍ አድርጋ አነበበች።

"ሳዲያ!"

ጭብጨባው አስተጋባ። ሳዕዲያ ማብሪያውን ተጫነች። ዛፉ ከታች እስከ ላይ በራ። ያምራል። ለተጊዮርጊስ በአንድ እግሯ ሸበጥ፣ በአንድ እግሯ ባዶ፣ በገዛ ውሃዋ በረጠበ ወለል ላይ ቆማ አየችው። ማማሩ ደግሞ ይበልጥ አበሳጫት። አላጨበጨበችም።

ሰው ሲበተን ሳዕዲያ ወደ ጓዳው መጣች። በሩን ዘጋችው።

"እማማ፣ እንደሚወድቅ ያውቁ ነበር?"

"እንደሚያዘነብል አውቅ ነበር።"

"ማክሰኞ ስጠይቅዎ ወለል ወለል ነው አሉኝ።"

"አልኩሽ።"

"እያወቁ?"

"እያወቅሁ።"

"ለምን?"

"ቅናት ነዋ! ሌላ ምን መሰለሽ?"

ሳዕዲያ ይህን አልጠበቀችም። ሰው ይክዳል፣ ይምላል፣ በታቦት ይገዘታል ብላ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

"ብወድቅስ? አንገቴ ቢሰበርስ?"

"ብትወድቂማ አለቅስልሽ ነበር።" ለተጊዮርጊስ የተቧጨረ ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች። "ጥፋቱ የእኔ ነው። አጠፋሁ። አሁን ስላልወደቅሽ ግን እንደገና እቀናብሻለሁ፤ ይሄንን አልደብቅሽም።"

ሳዕዲያ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ተቆጥታም አንድ ሁለት የመርካቶ ቃል ተናገረች፣ እዚህ የማይደገም። ለተጊዮርጊስ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። መልስ አልሰጠችም፤ ይሄ ከእሷ ዘንድ ትልቅ ይቅርታ ነው። ሳዕዲያ በሩን ከፍታ ልትወጣ ስትል ቆም አለች።

"ሸበጡንስ?"

"ካነሳሽው ይወድቅብሻል።"

በዚያው ምሽት፣ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ለተጊዮርጊስ የጎማዋን ቁራጭ በፌስታል ጠቅልላ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለቻት። ዛፉ ከእንግዲህ የሚቆመው በእሷ ጫማ ነው፣ በሌላ በምንም አይደለም። ይሄ ኩራት ነው ወይስ ንስሐ ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር፣ "አንተ ምን አገባህ?" ትለው ነበር።

የፈረንጆቹ ገና አለፈ፤ ዘመናቸውም ተለወጠ። ሰኞ ጠዋት ሚስስ ናንሱቡጋ ሳዕዲያን አስጠራቻት። ለተጊዮርጊስ ነገሩን ከሩቅ ሸተታትና ባልዲዋን ገልብጣ አዘጋጀች። ዘንድሮም ትቀመጥበታለች። ካባረሯትም ያባርሯት።

"ዛሬ ይነሳ" አለች ሚስስ ናንሱቡጋ።

ሳዕዲያ ዛፉን አየች። የተገለበጠውን ባልዲ አየች። እንደ መሐንዲስ ጎንበስ ብላ የፊቱን እግር መረመረች።

"ሚስስ ናንሱቡጋ፣ ይሄ ዛፍ የቆመው በማማ ለተጊዮርጊስ ሸበጥ ላይ ነው። እሷ ከታች ካልያዘችልኝ አልነካውም። ባለፈው የሆነውን አይተሻል።"

ሚስስ ናንሱቡጋ ወደ ለተጊዮርጊስ ዞረች። "መቼ ትይዥላታለሽ?"

"ቅዳሜ።"

"ለምን ቅዳሜ?"

"ቅዳሜ ጫማዬን እፈልገዋለሁ።"

ሚስስ ናንሱቡጋ ሞኝ አይደለችም። ቅዳሜ ምን ቀን እንደሆነ ካለፈው ዓመት ታውቃለች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፤ ትዕግሥቷ አልቆ በአዳራሹ ሙሉ ድምፅ ጮኸች።

"ሌቴ ጂዮርጊስ!"

አዳራሹ አስተጋባ። አስካሪው ከበር ዞሮ አየ። ወረቀት የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ቀኑም ተራ ሰኞ ነው። በቁጣ ነው የጠራቻት፤ ቢሆንም ጠራቻት።

"አቤት" አለች ለተጊዮርጊስ ቀና ብላ።

"ቅዳሜ። ከቅዳሜ አንድ ቀን ብታልፍ ግን ሁለታችሁንም ከዛፉ ጋር አወጣችኋለሁ።"

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ ለተጊዮርጊስ ከቅዳሴ መልስ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች መጣች። ሳዕዲያ ኳሶቹን አውርዳ ጨርሳለች።

"እንኳን አደረሰዎት፣ እማማ። ማክሰኞ እኮ የእኛ ዓረፋ ነው። እስከዚያ ለምን አናቆየውም?"

"አሁንስ አበዛሽው! እጅ ሲሰጧት ክንድ!"

ኦብሳ ዛፉን ገፋ። ለተጊዮርጊስ ጎንበስ ብላ ሸበጧን መዘዘች። እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል፣ የእግሩም ቅርጽ መሃሉ ላይ ታትሟል። ወለሉ ላይ ጥላ እግሯን ሰደደችበት፤ አልተመቻትም፤ አላወለቀችውም።

"ለከርሞ አንቺ ከታች ትይዣለሽ" አለቻት። "ኮከቡን የምሰቅለው እኔ ነኝ።"

"በዚህ ዕድሜዎ መሰላል ላይ? ሚስስ ናንሱቡጋ ለእኔ ነው የሰጠችኝ እኮ።" የሳዕዲያ ድምፅ ቆጣ አለ።

ለተጊዮርጊስ መወልወያዋን አነሳችና ትክ ብላ አየቻት።

"ምነው፣ ቀናሽ እንዴ?"